እንደራሴው የማን ነው? በጎጃምና በጣና ዳርቻ የጠፉ የምርጫ ክልሎች ታሪክ

መግቢያ

«የምርጫ ክልልህ የትኛው ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ፈጥናችሁ መመለስ ትችላላችሁ? እኔ ይህን ጥያቄ ለዶርም ጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። አብዛኞቹ የነገሩኝ የዞናቸውን ወይም የወረዳቸውን ስም ነው። አንዱማ «ምርጫ ጣቢያ ማለትህ ነው? ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነዋ!» አለኝ። ምርጫ ጣቢያና የምርጫ ክልል ግን ለየቅል ናቸው። ምርጫ ጣቢያ ሄደን የምንመዘገብበትና ድምፅ የምንሰጥበት ቦታ ነው። የምርጫ ክልል ደግሞ በብዙ ጣቢያዎች የተሰጠው ድምፅ ተደምሮ ተወካይ የሚወጣበት አካባቢ ነው። ምክር ቤት ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ወንበር መሬት ላይ የራሷ ወሰን አላት፤ ያ ወሰን ነው የምርጫ ክልል የሚባለው።

ስለ ምርጫ ብዙ ይጻፋል። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ፣ ማን ቅር አለው የሚለው ዜና በየጊዜው አይጠፋም። ስለ ምርጫ ክልል ግን የሚጽፍ ጋዜጠኛ ጥቂት ነው። በተለይ ዛሬ የሌሉት፣ ከነመንግሥታቸው የጠፉት የምርጫ ክልሎች የሚያስታውሳቸው የለም። ይህ ጽሑፍ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ በአገራችን፣ በተለይም በጎጃምና በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ የምርጫ ክልል እንዴት እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደጠፋና በምን እንደተተካ ለመዳሰስ ይሞክራል። መነሻ ሐሳቤም የሚከተለው ነው፦ ሕዝብ ወካዩን ሊጠይቅ የሚችለው ማን እንደወከለው፣ ከየት እስከ የት እንደወከለውና ምን እንደሠራለት መዝገብ ሲኖረው ነው። መዝገቡ በየመንግሥቱ ለውጥ ከተቀደደ ውክልናውም ሁልጊዜ «ሀ» ብሎ ይጀምራል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ጌታ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የምክር ቤት አባል «እንደራሴ» ይባል ነበር። ቃሉን ብትፈቱት «እንደ ራሴ» ነው። እኔ በሌለሁበት እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም፣ እኔ የምለውን የሚል ማለት ነው። ለሕዝብ ወኪል ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ይከብዳል።

ነገር ግን ቃሉ የሕዝብ ብቻ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ራስ ተፈሪ ሳሉ ማዕረጋቸው «አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ነበር። ከዚያ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱን ወክሎ ጠቅላይ ግዛት የሚያስተዳድር ሹም እንደራሴ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። በኤርትራ ፌዴሬሽን ጊዜ አሥመራ የተቀመጠው የዘውዱ ወኪልም «የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ» ነበር። እንግዲህ በአንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ መንገዶች ተጠርተዋል ማለት ነው። አንዱ እንደራሴ ከላይ ወደ ታች የተላከ ነው፤ ሌላው ከታች ወደ ላይ የተላከ ነው። የምርጫ ክልሎቻችን ታሪክ በእነዚህ ሁለት እንደራሴዎች መካከል ያለው ታሪክ ነው ብል ብዙም የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

«ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል»

የመጀመሪያው የአገራችን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የተፈረመው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕገ መንግሥት መሠረት በ1924 ዓ.ም. ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላል። የዚህኛው አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ምክር ቤት አለ፣ እንደራሴ አለ፣ የምርጫ ክልል ግን የለም። ድምፅ የሚሰጥ ሕዝብ ከሌለ ድምፁ የሚደመርበት ክልልም አያስፈልግም። የጎጃም ሰው ምክር ቤት ቢገባም የገባው መኳንንቱ ስለመረጡት እንጂ ገበሬው ስለላከው አልነበረም። የጣልያን ወረራ በ1928 ዓ.ም. ምክር ቤቱን አፈረሰው። ከነፃነት በኋላ ሲቋቋምም በቀድሞው ሥርዓት ቀጠለ። «ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል» የተባለው ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

የ1948ቱ ሒሳብ፦ ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ሁለት እንደራሴ

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ታወጀ። የምርጫ ክልል ታሪካችን በትክክል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ ግዛት በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ክልሎች እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎች እንዲመርጥ አዘዘ። ከዚህ በተጨማሪ የነዋሪዋ ብዛት ከ30,000 የበለጠ ከተማ ለብቻዋ አንድ እንደራሴ ታገኛለች፤ ከ30,000 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ ይጨመርላታል።

ድምፅ የመስጫው ዕድሜ 21 ዓመት ነበር። ሴቶችም ወንዶችም መምረጥ ይችሉ ነበር። ለእንደራሴነት ለመወዳደር ግን 25 ዓመት መሙላት፣ በዚያው የምርጫ ክልል መኖርና በዚያው ክልል ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ንብረት መያዝ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በአገራችን ሕግ ለመምረጥ 18፣ ለመወዳደር 21 ዓመት ይበቃል። እኔ አሁን ባለኝ ዕድሜ በዚያ ዘመን ብኖር ገና መምረጥ መጀመሬ ነበር ማለት ነው። አራት ዓመት ብጠብቅ እንኳ መሬት ከሌለኝ ለመወዳደር ብዙም ተስፋ አይኖረኝም። ይቺ የንብረት ነገር ቀላል አይደለችም፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሆን የወንበሮቹ ብዛት 210 ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል የሆኑት በዚህ ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ተካሂዷል። በ1957ቱ ምርጫ የወንበሮቹ ቁጥር 250 ደረሰ። በጠቅላላው አምስት ምርጫ መሆኑ ነው። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚቀርበው በራሱ ስም፣ በዘመዱና በአካባቢው ባለው ክብር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን ይሾሙ የነበሩትም ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም።

ዓባይ ወሰን በነበረበት ጊዜ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። በዚያ ዘመን የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ጠቅላይ ግዛቱ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድርና መተከል በሚባሉ አውራጃዎች የተከፈለ ነበር። ባሕር ዳር የአውራጃ ከተማ ነበረች እንጂ የዛሬዋ ሰፊ ከተማ አልነበረችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊቴክኒኩና የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የተሠሩት በ1950ዎቹ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ባሕር ዳር ሕገ መንግሥቱ ከጠየቀው 30,000 ነዋሪ በጣም ትርቅ ነበር። ስለዚህ የራሷ የከተማ ወንበር ሊኖራት አይችልም ነበር። የባሕር ዳር ሰው ድምፅ ከዙሪያው ገጠር ድምፅ ጋር ነበር የሚደመረው።

የሐይቁን ዳርቻ ካየን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የጎጃምና የበጌምድር ወሰን ዓባይ ነበር። ባሕር ዳር፣ ዘጌና አቸፈር በጎጃም በኩል ናቸው። ደራ፣ ፎገራና ደንቢያ በበጌምድር በኩል ናቸው። የዛሬዋ ባሕር ዳር ዓባይን ተሻግራ በሁለቱም ዳር ተቀምጣለች፤ ያኔ ግን ድልድዩን የተሻገረ ሰው ሌላ ጠቅላይ ግዛት ገባ ማለት ነው። ምርጫውም የአስተዳደር ወሰንን ተከትሎ ይካሄድ ስለነበር፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች ድምፃቸው በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ የአንዱ በደብረ ማርቆስ በኩል፣ የሌላው በጎንደር በኩል። የዘጌ ሰው ቡናውንና እንጨቱን በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ይሸጣል። ከጎርጎራና ከደልጊ የተነሳ ታንኳም እህል ይዞ እዚሁ ይደርሳል። ሐይቁ አንድ ነው፤ ዓሣው፣ ደንገሉ፣ ማዕበሉ የጋራ ነው። ስለ ሐይቁ የሚናገር አንድ እንደራሴ ግን አልነበረም።

ይህን የምለው የድሮውን ለመውቀስ አይደለም። የምርጫ ክልል ሁልጊዜ ምርጫ አለበት፤ ማንን ከማን ጋር እንደምር የሚል ምርጫ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት፣ ሕዝቡ ሳያየው የሚወሰን ምርጫ ነው። ጋዜጠኛ ሊያየው የሚገባውም ይህንን ነው።

የ1960ው ግብር፦ ክልሉ የተፈተነበት ቀን

የምርጫ ክልል ጥቅም የሚታወቀው በችግር ቀን ነው። ለጎጃም ያ ቀን የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ እንደማንኛውም ሕግ በምክር ቤቱ ክርክር ተደርጎበት፣ ማሻሻያም ተጨምሮበት ያለፈ ነበር። ሐሳቡ ገበሬው እንደ መሬቱ ስፋት ሳይሆን እንደ ምርቱ ገቢ ግብር እንዲከፍል ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ደህና ነው። ለጎጃም ገበሬ ግን ምርት ሊገምት የመጣ ሰው ነገ መሬቱን የሚለካ፣ ከነገ ወዲያ ርስቱን የሚነጥቅ ሆኖ ታየው። የርስት መሬት በትውልድ የሚያዝ እንጂ በገመድ ተለክቶ በደብተር የሚጻፍ አልነበረም። ጎጃም ከዚህ በፊትም በ1930ዎቹ በመሬት ግብር የተነሳ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቷል።

በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። ወደ አዲስ አበባ አቤቱታ ላከ። አቤቱታው መልስ ሲያጣ መሣሪያ አነሳ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ። ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የነበረው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ታዲያ እንደራሴዎቹስ? እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይኸውላችሁ። አዋጁ የወጣው የሕዝብ እንደራሴዎች በተቀመጡበት ምክር ቤት ነው። ጎጃምም ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት ሁለት እንደራሴ ልኳል። በሕጉ መንገድ ቢሆን ኖሮ የገበሬው ስጋት በእንደራሴው አፍ ምክር ቤት ደርሶ፣ የምክር ቤቱ ማብራሪያም በእንደራሴው አፍ ወደ ገበሬው መመለስ ነበረበት። የሆነው ግን አዋጁ በአገረ ገዥውና በገማቹ እጅ ወረደ፤ መልሱ በጠመንጃ ወጣ፤ ስረዛው ደግሞ ከዙፋኑ መጣ። ጉዳዩ ሲጀምርም ሲያልቅም ዋናውን ሥራ የሠራው ከላይ የተላከው እንደራሴ እንጂ ከታች የተላከው አልነበረም።

ከሞጣ ወገን መጥተው ባሕር ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አነጋግሬ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገና ልጅ ነበሩ። «አባባ፣ በጃንሆይ ጊዜ የአካባቢያችሁ እንደራሴ ማን እንደነበሩ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ እንደራሴ ሲባል እኔ የማውቀው ጠቅላይ ገዥውን ነው» አሉኝ። ቀጠሉና «ገማቾቹ ሲመጡ አስታውሳለሁ፤ ከብት ጠባቂ ነበርኩ። አባቴ ግን ለምክር ቤት ሰው ልከናል ብሎ ሲያወራ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም» አሉ። የአንድ ሰው ትዝታ የሁሉንም አይናገርም። ቢሆንም «እንደራሴ» የሚለው ቃል በእኚህ አባት ጆሮ የቀረው በየትኛው ትርጉሙ እንደሆነ አስተውሉ።

እዚህ ላይ ነው ያቺ የንብረት መስፈርት የምትመጣው። ተወዳዳሪው በክልሉ ንብረት ያለው መሆን ካለበት፣ ምክር ቤቱ የሚሞላው በባለመሬቶች ነው። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ለማስተካከል የቀረበው ረቂቅ ሕግ በምክር ቤቱ ሲንከባለል ቆይቶ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሳይጸድቅ የቀረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት እንደራሴ መኖሩ ብቻውን ሁለት ድምፅ መኖር አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ።

ለንጽጽር፦ የዌልሷ ሜርተር ቲድፊል

ሁለት ተወካይ ያለው የምርጫ ክልል የእኛ ፈጠራ አይደለም። በብሪታንያ ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። ለንጽጽር እንዲረዳን አንዱን እንይ። በደቡብ ዌልስ ሜርተር ቲድፊል የምትባል የብረትና የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1832 የራሷ ወንበር ተሰጣት። ከ1868ቱ ምርጫ ጀምሮ ደግሞ ሁለት ተወካይ የምትልክ ሆነች። በ1900 የተመረጡትን ሁለት ሰዎች ተመልከቱ። አንደኛው ዲ. ኤ. ቶማስ የከሰል ማዕድን ባለቤት ነው። ሁለተኛው ኪር ሃርዲ በልጅነቱ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሠራ፣ በኋላም የሠራተኛ ፓርቲ መሪ የሆነ ሰው ነው። ባለሀብቱና ሠራተኛው ከአንድ ክልል፣ በአንድ ቀን ተመርጠው አንድ ምክር ቤት ገቡ።

ይህ ክልል በ1918 ለሁለት ተከፈለና ቀረ። በ1950 ሜርተር ቲድፊል በሚል ስም ተመለሰ። በ1983 ከራምኒ ጋር፣ በ2024 ደግሞ ከአበርዴር ጋር ተጣመረ። በዚሁ በ2024 የዌልስ ወንበሮች ከ40 ወደ 32 ዝቅ ብለዋል። ክልሎች ይፈርሳሉ፣ ይዋሐዳሉ፤ እዚያም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ግን መዝገቡ አለመቆረጡ ነው። ማን በየትኛው ዓመት ስንት ድምፅ አግኝቶ እንደተመረጠ ከ1832 ጀምሮ ይታወቃል። ሕዝቡም ወካዩን ያውቃል። በ1970 ከ1934 ጀምሮ የተቀመጡትን ኤስ. ኦ. ዴቪስን ከ80 ዓመት በላይ ሆነዋልና ይበቃል ብሎ ፓርቲያቸው ዕጩነታቸውን ነፈጋቸው። ሰውየው በግል ተወዳደሩና ፓርቲያቸውን ራሱን አሸነፉ። መራጩ ያየው የፓርቲውን ስም ሳይሆን ሰውየው ለክልሉ የሠሩትን ነበር። መዝገብና ትውስታ ያለው ክልል እንዲህ ማድረግ ይችላል።

ከምክር ቤት ወደ ሸንጎ

ወደ አገራችን እንመለስ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ምክር ቤቱንም በተነ። በ1965 ዓ.ም. የተመረጡት እንደራሴዎች አራት ዓመታቸውን አልጨረሱም። የምርጫ ክልሎቹም አብረው ጠፉ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ምክር ቤቱ ለዓመታት ሲያንከባልለው የኖረውን የጭሰኝነት ጉዳይ አዋጁ በአንድ ቀን ጨረሰው። ብዙ ሰው በደስታ ተቀበለው። ነገር ግን አዋጁ ሲወጣ ማንም በማንም አልተወከለም ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የምርጫ ክልል የሚባል ነገር በአገሪቱ አልነበረም።

በ1979 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀና ሰኔ 7 ቀን ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሄደ። የወንበሮቹ ብዛት 835 ሆነ፤ ከጃንሆይ ጊዜው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር። ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን ኢሠፓና በእርሱ ሥር ያሉ ማኅበራት ነበሩ። ድሮ ተወዳዳሪውን የምታጣራው የንብረት መስፈርት ነበረች፤ አሁን የማጣራቱ ሥራ ለፓርቲው ተላለፈ። በዚያው ሰሞን በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ጎጃም ሲከፋፈል ባሕር ዳር የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ሆነች። ሸንጎው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አበቃ። የሸንጎው ክልሎችም ዕድሜያቸው አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

547

አሁን በሥራ ላይ ያለው አከላለል የመጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱን ላጸደቀው ጉባኤ 547 ተወካዮች ተመረጡ። በ1987 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጡትም 547 ናቸው። ቁጥሩ በ1992፣ በ1997፣ በ2002፣ በ2007 እና በ2013 ዓ.ም. ምርጫዎችም አልተለወጠም። ከነዚህ ውስጥ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። አሁን እያንዳንዱ ክልል አንድ ተወካይ ብቻ ይልካል፤ የሚያሸንፈውም ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው። ከግማሽ በታች ያገኘ ሰው እንኳ ከተቀናቃኞቹ ከበለጠ ወንበሩ የእርሱ ነው። የድሮው የጎጃም አውራጃ መተከል ደግሞ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው የሚመርጠው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 አንድ ነገር አስቀምጧል። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ በውጤቱም መሠረት ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ይወስናል። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ1987ቱ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 53.4 ሚሊዮን ነበር፤ ለ547 ሲካፈል ለአንድ ወንበር ወደ 98 ሺህ ሰው ይደርሳል። በ1999ኙ ቆጠራ ሕዝቡ 73.7 ሚሊዮን ሆነ፤ አንድ ወንበር ወደ 135 ሺህ ሰው መሸከም ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የታሰበው አራተኛው ቆጠራ ደግሞ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

የባሕር ዳርን ብቻ እንይ። በ1987ቱ ቆጠራ 96,140 ሰው ነበራት። በ1999ኙ የከተማ አስተዳደሩ ዙሪያውን ጨምሮ 221,991 ደረሰ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ ለቀልድም ቢሆን በ1948ቱ ቀመር ላስላው ብዬ ነበር። የ1999ኙን ቁጥር ብንወስድ ለመጀመሪያው 30,000 አንድ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየ50,000ው ሦስት፣ በድምሩ አራት የከተማ እንደራሴ ይደርሳት ነበር። በ1950 ዓ.ም. አንድም ያልነበራት ከተማ! ከተማ ሲያድግና አከላለሉ ሲቆም የአንዱ ሰው ድምፅ ከሌላው እየቀለለ ይሄዳል። ማንም ሳያጭበረብር፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በጊዜ ብቻ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኔ ያወጣኋቸው ትምህርቶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ስለ አንድ የምርጫ ክልል ስንጽፍ አምስት ነገር እንጠይቅ። ስሙ ማን ነው? ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው? የመምረጥና የመመረጥ መብት የነበረው ማን ነው? ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ? ተቀምጦስ ምን ተናገረ፣ ምን አስወሰነ? አራተኛውን ብቻ ጠይቀን ከተመለስን የጻፍነው የአሸናፊ ዜና እንጂ የክልል ታሪክ አይደለም።

2ኛ. ወረቀቱን እንፈልግ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጎችና አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ ታትመዋል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ወመዘክር ውስጥ የቆዩ ጋዜጦች ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። የማመልከቻ ወረቀት ይዞ መሄድና አቧራ መታገስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

3ኛ. ሽማግሌዎችን ዛሬ እናነጋግር። በ1950ው ምርጫ 21 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ85 ዓመት በላይ ነው። በ1965ቱ ምርጫ የመረጠ ሰው ግን በየሰፈራችን ይገኛል። የት ሄዶ መረጠ? ማን ቀሰቀሰው? ከተመረጠ በኋላ እንደራሴው ተመልሶ መጣ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የትም ወረቀት ላይ አናገኛቸውም።

4ኛ. የምርጫ ሰሞን ጋዜጠኛ ብቻ አንሁን። ተወካዩ ከምርጫው በኋላ ለመራጩ ሪፖርት ያቀረበበት ቀን፣ ያነሳው ጥያቄ፣ ያላነሳውም ጭምር ዜና ነው። ስለ እምቦጭ፣ ስለ ዓሣ ማስገሪያ፣ ስለ ባሕር ሸሽ መሬት ሲነሳ በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ተወካዮች እያንዳንዳቸው ምን እንዳሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ጋዜጠኛ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የጎጃምና የጣና ዳርቻ ሰው በሦስት ዓይነት አከላለል መርጧል። የንጉሡ፣ የሸንጎውና የአሁኑ። እያንዳንዱ አዲስ መንግሥት የቀድሞውን ክልል ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም እንደማይረባ ቆጥሮ ተሻገረው። በዚህ የተጎዳው ንጉሡም ደርጉም አይደለም፤ መራጩ ነው። በ1960 ዓ.ም. የሞጣ ገበሬ ስጋቱን ይዞ ወደ እንደራሴው ደጅ ቢሄድና ደጁም ቢከፈትለት ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ እንደነበር ማን ያውቃል?

የሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ካርታው እንደገና ይዘረጋል። ያኔ ባሕር ዳር ከማን ጋር ትደመር፣ ዘጌ ወዴት ይሁን፣ የሐይቁ ዳርቻ በስንት ይከፈል የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ያለፈውን የሚያውቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ እንዲኖር መዝገቡን ከአሁኑ መሰብሰብ አለብን። የዚህ ቡለቲን አንባብያን ከየአቅጣጫው ስለመጣን፣ በሚመጣው እትም እያንዳንዳችን የየትውልድ ቦታችንን የምርጫ ክልል ታሪክ ይዘን ብንቀርብ ጥሩ መነሻ ይሆናል። እኔ የባሕር ዳርን ጀምሬያለሁ፤ ደብረ ታቦር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ወልድያ፣ ሰቆጣ እናንተን ይጠብቃሉ።

ቸር ይግጠመን።